ክርክር፦ ከጉባኤ የቀረን አባል መከታተል ያጸናዋል ወይስ ያርቀዋል?

የክርክሩ አቅራቢ፦
ለውይይት የቀረበው ደንብ ይህ ነው። አንድ አባል ሦስት ተከታታይ ሳምንት ከጉባኤ ከቀረ ሁለት ሽማግሌዎች ይጎበኙታል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ደግሞ ስሙ ከአባላት መዝገብ ይሰረዛል። እንዲህ ያለው ደንብ ሰውን በእምነቱ ያጸናዋልን?

አንድ የጉባኤ ሽማግሌ፦
ደንቡን እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ቸልተኝነት ፍቅር መስሎ ሲታይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 10 መሰብሰብን መተው ልማድ ያደረጉ ሰዎችን ሲያነሣ ጉዳዩን የግል ምርጫ ብሎ አላለፈውም። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለውን ወንድም በመጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር፣ በመጨረሻም በጉባኤ ፊት እንድንናገረው ሥርዓት ሰጥቶናል። ሥርዓት ከሌለ የሚታወሰው ወዳጅ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ወዳጅ የሌለው ምእመን ግን ከጠፋ ዓመት ቢሞላው እንኳ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም። መዝገብ የምንይዘው ለእርሱ ስንል ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ የተመለሰች ምእመን፦
አባቴ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የእኔ እምነት የደከመው ከጉባኤ ስቀር አይደለም፤ የቀረሁት ከደከመ በኋላ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ በቦታዬ ተቀምጬ መዝሙሩን ሁሉ እየዘመርሁ፣ አንዲት ጸሎት እንኳ ከልቤ መጸለይ አቅቶኝ ኖሬአለሁ፤ መዝገቡን ያየ ግን ከእኔ የበለጠ ትጉህ አባል አያገኝም ነበር። መቅረት ስጀምር ሁለት ሰዎች መጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለምን ቀረሽ?» የሚል ነበር እንጂ «እንዴት ሰነበትሽ?» የሚል አልነበረም። ደግ ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የመጡት መቅረቴን ሊያጣሩ ስለ ነበር፣ እኔም ምክንያት ፈጥሬ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት አልተመለስሁም።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያስተምር ተሳታፊ፦
ሁለታችሁንም የሚመለከት አንድ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ፣ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የነበረው የጆን ዌስሊ ተከታዮች የመሰብሰቢያ ቤታቸውን ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉ ሲመክሩ፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣና ለ12 ሰው ያህል አንድ ሰብሳቢ እንዲመደብ ተስማሙ። ሰብሳቢዎቹ ገንዘቡን ለመቀበል ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ አንዱን ሰክሮ፣ ሌላውን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ አገኙት። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የነበረው ነገር እንደ ተገኘ ቆጠረው፤ የገንዘብ መሰብሰቢያ የነበረው አደረጃጀትም ጥቂት ሰዎች በየሳምንቱ ስለ ነፍሳቸው ሁኔታ የሚነጋገሩበት ኅብረት ሆነ። (ዕዳ ለበጎ ሲውል እምብዛም አይታይምና ነገሩ ያስቀኛል።) በእኔ አስተያየት ዋናው ቁም ነገር ጉብኝቱ የቀረውንም ያልቀረውንም ማዳረሱ ነው። እኅታችን በቦታዋ ተቀምጣ ስትደክም በነበረበት ዓመት ሊደርስላት ይችል የነበረው እንዲህ ያለው ነው፤ የቀረበው ደንብ ግን ሥራውን የሚጀምረው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦
እግዚአብሔር የጀመረውን እርሱ ራሱ የሚፈጽም ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ያስፈልጋል? የእርሱ የሆነው ሁሉ ሳይጠፋ ይኖራል።

የታሪክ መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህን ትምህርት አጥብቆ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1618 እና በ1619 በኔዘርላንድ የተካሄደው የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት የዶርት ጉባኤ እንኳ ያንን መደምደሚያ አልተቀበለም። እግዚአብሔር ሰውን የሚያጸናው ቃሉን በመስማትና በማንበብ፣ በምክርና በማስጠንቀቂያ፣ በምሥጢራትም አማካይነት እንደ ሆነ በግልጽ አስፍሯል። ጠባቂው እግዚአብሔር ነው ማለት ጉባኤው ይረፍ ማለት አይደለም።

ሽማግሌው፦
ልጄ፣ ያ ጉብኝት ጉዳት እንጂ እርዳታ እንዳልሆነልሽ ተረድቻለሁ፤ ስለ እርሱም አዝናለሁ። ሆኖም መምህሩ የጠቀሱት ታሪክ ሌላም ገጽ አለው፦ እነዚያው የዌስሊ ተከታዮች በየሦስት ወሩ የአባልነት ካርድ ይቀበሉ ነበር፤ በኑሮው ያልታረመ ሰው ካርዱ አይታደስለትም ነበር። በኀዘን የደከመ ሰው አለ፤ ሚስቱን እየደበደበ ከጉባኤ የሚሸሽም አለ። ሁለተኛውን «እንዴት ሰነበትህ?» ብለን ብቻ ብንመለስ የተደበደበችውን እኅት ምን ልንላት ነው?

የተመለሰችው ምእመን፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ያ ሰው ሊገሠጽ ይገባዋል፤ የሚገሠጸው ግን ሌላውን ስለ ጎዳ ነው እንጂ ሦስት ሳምንት ስለ ቀረ አይደለም። ደንቡ እርሱንና እኔን በአንድ መስፈሪያ ሰፍሮናል። እኔን የመለሰችኝ ቀድሞ በጉባኤ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ሴት ናት። ስለ እናቴ ጠየቀችኝና መጸለይ እንዳቃተኝ ስነግራት አልደነገጠችም፤ «እንግዲያስ እኔ እጸልያለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ለብዙ ወራት እንዲሁ አደረግን። ጌታ ጴጥሮስን ከመካዱ አስቀድሞ «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ ጸለይሁ» ያለው ቃል የገባኝም ያኔ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦
ስለ ስረዛው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ፣ ሳይገደዱ እምነታቸውን ለካዱ ሰዎች የ12 ዓመት የንስሐ ጊዜ ወሰነ፤ ሦስቱን ዓመት ንባብና ስብከት ብቻ ከሚሰሙት «ሰሚዎች» ጋር፣ ሰባቱን ለንስሐ በመስገድ፣ ሁለቱን ከቁርባን በቀር በጸሎት ከሕዝቡ ጋር በመተባበር። ዘመኑ በእጅጉ ረጅም ነው። ነገር ግን በ12ቱም ዓመት ሰውየው የሚቆምበት ቦታ ነበረው፤ በሞት አፋፍ ላይ የደረሰም ቁርባን እንዳይከለከል ታዝዟል። የእኛ ደንብ ግን በስድስት ወር ያሰናብታል።

ሽማግሌው፦
የስድስት ወሩ አንቀጽ ይቅር፤ በዚህ ተረትቻለሁ። ሦስት ሳምንቱን ግን አልለቅም። ልጄ፣ አንቺ አጠገብሽ የምትቀመጥ ሴት ነበረችሽ። ከመጨረሻው ወንበር ብቻውን ተቀምጦ ብቻውን የሚወጣውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ወደ እርሱ የሚሄደው ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር እናንተ ወስኑ፤ የሚሄድ ሰው እንዲኖር ግን በደንቡ ይጻፍልኝ።