የቀረፋ ቅጠል እብጠት፦ ዝናብ ያጥበዋል ወይስ ያባብሰዋል?

ደንቢያው፦
ሰላም ወገኖች። ጎርጎራ በኩል በመስኖ የያዝናቸው ቀረፋዎች ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ቅጠላቸው ላይ ኪንታሮት የመሰለ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ኋላ ቡኒ የሚሆን እብጠት ወጥቷል። ተባይ በዝናብ ይታጠባል ሲባል፣ ይሄ ጭራሽ ነሐሴ ላይ ባሰበት። ለምን? መቼና በምን ይረጫል?

የቅመም ማሳ፦
መርጫ ከማንሣትህ በፊት እብጠቱን በምላጭ ሰንጥቀህ እየው። ውስጡ በዓይን የሚለይ ጠፍጣፋ ግልገል ካለ ሲሊድ የሚባል ዘላይ ነፍሳት ነው፤ እሱም ቀረፋን ያሳብጣል፣ አያያዙ ግን ሌላ ነው። ምንም ካልታየህ በ20 እጥፍ ማጉያ ተመልከት። ነጣ ያለ፣ ትል መሳይ፣ ከሩብ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ሁለት ጥንድ እግር ብቻ ያለው ከሆነ ማይት ነው፤ ማይት ማለት ከሸረሪት ወገን የሆነ ደቃቅ ተባይ ነው።

ነሐሴ ላይ ያየኸው የነሐሴ ጥቃት አይደለም። ማይቱ የጠነከረ ቅጠል አያሳብጥም፤ የሚያሳብጠው ገና በመዘርጋት ላይ ያለውን ለጋ ነው። የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ዛፉን ሲያለመልመው፣ እንቡጥ ውስጥ ተሸሽጎ የቆየው ይገባበታል። ጎልቶ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ።

ሰብል ጠባቂ፦
ዝናብ ያጥበዋል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከእብጠት ወጥቶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የሚሄደውን ዶፍ ይጠርገዋል፤ እርጥበት ሲበዛም ማይት የሚገድል ፈንገስ ይነሣል። ውስጥ ያለውን ግን ጠብታ አይነካውም፣ መርጫም አይደርስበትም። በበጋ ደግሞ ክንፍ ባይኖረውም በነፋስ ይጓዛል፤ ሲሞቅ አንዱ ትውልድ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል።

የአንተን ያከበደው መስኖው ይመስለኛል። የካቲትና መጋቢት ላይ ውኃ ሲያገኝ ዛፉ ለጋ ያወጣል፤ ሊራብ የሚገባው ማይት ቀለብ አገኘ ማለት ነው። ግንቦት ሲገባ በዝቶ ይጠብቅሃል። ውኃውን አታቋርጥ፤ በበጋ ዩሪያ መጨመሩን ግን ተወው።

ደንቢያው፦
ሰንጠቅሁት፤ ትል መሳዩ ነው። መድኃኒቱስ?

የቅመም ማሳ፦
80 ፐርሰንት የሆነ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ድኝ። ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም፣ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 40 ግራም። መጀመሪያ በትንሽ ውኃ በጥብጠው፤ ስትረጭም ቶሎ ቶሎ ነቅንቅ፣ ይዘቅጣልና። እንቡጡ ሊፈነዳ ሲል አንዴ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይተህ ለጋው ሲዘረጋ ሁለተኛ። ዝናብ ካንዣበበ አትድከም።

ማለዳ ብቻ እርጭ። ከ30 ዲግሪ በላይ ድኝ ቅጠል ያቃጥላል፤ ሚያዝያ ላይ ረፋዱን እንኳ አትመን። ዘይት ነክ መርጫ ተጠቅመህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አሳልፍ።

ሰብል ጠባቂ፦
ከመርጨቱ በፊት ያበጠውን ልቀም፣ ጆንያ ውስጥ ከትተህ ከማሳው አውጥተህ አቃጥል። ዛፉ ሥር ከጣልኸው ቅጠሉ ሲደርቅ ማይቱ ይወጣል። ጥቂት ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ መልቀሙ ይበቃል፣ ለመድኃኒት አታውጣ። ነጋዴው ፓይረትሮይድ የሚባለውን የነፍሳት መግደያ ቢሰጥህ እምቢ በል፤ ማይቱን የሚበሉትን አዳኝ ማይቶች ይጨርስልሃል፣ እብጠት ውስጥ ያለው ይተርፋል። ቅርፊት ልትልጥ ካሰብህም እሽጉ ላይ የተጻፈውን፣ ከመርጨት እስከ መላጥ ያለውን የመጠበቂያ ቀን አክብር።

ደግሞ ያበጠ ቅጠል አይመለስም። ሠርቷል አልሠራም የምትለው ከመርጫው በኋላ የወጣውን ቅጠል አይተህ ነው።