ስፔድስ፦ «ቦታ ያዝ» ለተባለው አዲስ ገቢ ወንድማችን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ከገባሁ አምስት ወሬ ነው። መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ በእረፍት ሰዓት አራት ሆነው ስፔድስ የሚሉትን ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ሥራ ስለለቀቀ በእሱ ቦታ እንድገባ ጠይቀውኛል። እኔ ግን የሰፈር ካርታ እንጂ ይህን አላውቅም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግባ እንጂ! እኛ ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ ስለሚለን እንሸሻለን። እኔም በዚሁ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ለብቻዬ በልቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስፔድስ በአብዛኛው ገንዘብ ሳይያዝበት ለወዳጅነት የሚጫወቱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚሁ አሜሪካ ተጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደሮች በኩል ተስፋፋ። በተለይ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ልጅ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ እያየ የሚማረው ጨዋታ ነው። አጋር ሁነን ካሉህ አምነውሃል ማለት ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አራት ሰው በሁለት ቡድን ይከፈላል፤ አጋርህ ከፊት ለፊትህ ይቀመጣል። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ከአዳዩ በስተግራ ያለው አንድ ካርታ ይጥላል፣ ሌሎቹም በየተራቸው ይከተላሉ። ካርታው ስፔድ፣ ልብ፣ ዳይመንድና ክለብ የሚባሉ አራት ዓይነቶች አሉት። ልብ ከተጣለና በእጅህ ልብ ካለ፣ ልብ መጣል ግዴታህ ነው። ከሌለህ የፈለግኸውን ጣል። ከተጣለው ዓይነት ትልቁን የጣለ አራቱን ይሰበስባል፤ ይህን «ቡክ» ይሉታል። ስፔድ ግን የሁሉም የበላይ ነው፤ ትንሿ ስፔድ የልብን ትልቅ ካርታ፣ ኤስን እንኳ ትበላለች። አንድ ሰው የተጣለው ዓይነት አልቆበት ስፔድ እስኪያወርድ ድረስ ዙርን በስፔድ መክፈት አይቻልም፣ በእጅህ ስፔድ ብቻ ካልቀረ በስተቀር።

ዋናው ነገር ያለው ካርታ ከመጣሉ በፊት ነው። ስንት ቡክ እንደምትወስድ አስቀድመህ ቃል ትገባለህ። አንተ ሦስት፣ አጋርህ አራት ካላችሁ ቃላችሁ ሰባት ነው። ሰባቱን ከሞላችሁ 70 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ስምንት ከወሰዳችሁ 71 ይሆናል። ስድስት ላይ ከቀራችሁ ግን 70 ይቀነስባችኋል። ትርፏ አንድ ነጥብም ዝም ብላ የምትታለፍ አይደለችም፦ በብዙ ቦታ ትርፍ ቡኮች ተጠራቅመው አሥር ሲሞሉ 100 ነጥብ ይወስዳሉ። ስለዚህ «ለማንኛውም ዝቅ አድርጌ ልናገር» ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ 500 የደረሰ ያሸንፋል።

ቆጠራውን በምሳሌ ላሳይህ። ይህ ደረሰህ እንበል፦ ከስፔድ ንጉሥ፣ 9፣ 6 እና 3፤ ከልብ ኤስና 8፤ ከዳይመንድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 7 እና 4፤ ከክለብ ጃክ፣ 5 እና 3። የልቡ ኤስ አንድ ነው። የስፔዱ ንጉሥ ኤሱን ባይይዝም ሦስት ትንንሾች ስለሚከልሉት አንድ ቁጠረው። ከዳይመንድ ንጉሥና ንግሥት አንዱ ያመጣል። ልብ ሁለት ብቻ ስለሆነችህ ቶሎ ታልቅና በትንሽ ስፔድ ትበላለህ፤ እሱ ግን «ምናልባት» ነው። አጋሮች በሚመካከሩበት ጠረጴዛ «ሦስት አለኝ፣ ምናልባት አንድ» በል። እንዲህ ማለት በነሱም ዘንድ የተለመደ ነው፤ የቀረውን አጋርህ ከራሱ እጅ ጋር አይቶ ይወስናል። መመካከር በማይፈቀድበት ደግሞ ሦስት በልና ዝም በል። ምንም ቡክ አልወስድም ማለትም ይቻላል፤ ከተሳካ 100 ያስገኛል፣ አንድ እንኳ ከወሰድህ 100 ያስቀጣል። ለጊዜው አትሞክረው።

ካርታው ከመታደሉ በፊት «እዚህ ጆከር (ከ52ቱ ውጭ ያለው ተጨማሪ ካርታ) አለ?» ብለህ ጠይቅ። በብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ጠረጴዛ የልብና የክለብ ሁለቶች ወጥተው ሁለት ጆከሮች ይገባሉ። ትልቁ ጆከር ከሁሉ ይበልጣል፤ ትንሹ ይከተላል፤ ከዚያ የዳይመንድ ሁለት፣ የስፔድ ሁለት፣ ቀጥሎ የስፔድ ኤስ። እንግዲህ ቅድም አንድ ብለን የቆጠርነው የስፔድ ንጉሥ እዚህ አምስት አለቃ አለበት፤ በልበ ሙሉነት አትቁጠረው። አንድ ቡድን ከአራት ቡክ በታች ቃል መግባት የማይችልበት ቤትም አለ፤ የመጀመሪያው እደላ ያለ ቃል የሚጫወትበትም እንዲሁ። ደንቡ ከቤት ቤት ስለሚለያይ መጠየቅ አያሳፍርም፣ እነሱም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፦ ዓይነቱ በእጅህ እያለ ሌላ እንዳትጥል። በብዙ ቤት ሦስት ቡክ ያስቀጣል። እኔ በመጀመሪያው ወር ክለብ ተጥሎ በስፔድ በላሁ፤ አንዲት ክለብ ከስፔዶቼ መሃል ተሸሽጋ ኖሮ አላየኋትም። ሁለቱም ጥቁር ናቸውና። ተጋጣሚያችን የሆኑት ሽማግሌ ምንም አልተናገሩም። ያቺን ክለብ በኋላ ስጥል የተሰበሰቡትን ቡኮች አንድ በአንድ ገልብጠው፣ ያንን ዙር አግኝተው ጣታቸውን አሳረፉበት። አጋሬ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ከሦስቱ ቡክ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርታዬን ስደረድር ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ አድርጌ ነው፤ ስፔድና ክለብን ጎን ለጎን አላኖርም።

ሌላ መልስ፦ ወንድማችን በደንብ አስረድተዋል። እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት ስሠራ ታርኒብ የሚሉትን የዓረቦች የካርታ ጨዋታ ተምሬ ነበር፤ ለስፔድስ በጣም ጠቅሞኛል። በታርኒብ ቃሉ ከሰባት ይጀምራል፣ የበላይ የሚሆነውንም ዓይነት የሚመርጠው ከፍተኛውን ቃል የገባ ነው። እዚህ ግን ሁልጊዜ ስፔድ ነው። በዓረብ አገር ለነበራችሁ እህቶች የምነግራችሁ፣ ታርኒብ ወደ ቀኝ ሲዞር ስፔድስ ወደ ግራ ይዞራል። እጄ ያንን ለምዶ ተራዬ ሳይደርስ እጥል ነበርና ከግራችሁ ሳይሆን ከቀኛችሁ ያለውን ሰው ጠብቁ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሌሊት እገባለሁ። ጆከር መኖሩን፣ ትንሹ ቃል ስንት እንደሆነና አጋሮች መመካከር መቻላቸውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።