አረብ አገር ገንዘቡ እያለ መንግሥት የሚያቅተው ለምንድነው? እዚያ የኖራችሁ አስረዱኝ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም 2002 ላይ ስለ አረብ አገሮች ያወጣውን ሪፖርት እያነበብኩ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የአረብ አገሮች በሙሉ የ1999 ምርታቸው ተደምሮ 531 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ከስፔን ብቻ ያንሳል ይላል። ነዳጁ ሁሉ ተደምሮ! የጎደለው ደግሞ ነፃነት፣ ዕውቀትና የሴቶች ድርሻ ነው ይላል። እሺ፣ ገባኝ። ግን መሬት ላይ ምን ይመስላል? ሙስና ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። ሙስና የሌለበት የት አለ?

ቁጥር ወዳዱ፦
ነገሩ ነዳጁ ነው። መንግሥት ከሕዝቡ ግብር ካልፈለገ፣ ሕዝቡም ምን ሠራህበት ብሎ አይጠይቀውም። ኢራቅን እይ። ከመንግሥት ገቢ 90 በመቶ ገደማው ከነዳጅ ነው። ወጣቱ ተመርቆ የሚጠብቀው የመንግሥት ቅጥር ነው። 2020 ላይ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ደመወዝ በጊዜው መክፈል አቃታቸው። አለቀ።

የዶራዋ፦
አላለቀም ወንድሜ። ሊባኖስ ነዳጅ አታወጣም፣ ግን ከሁሉም ብሳ ገደል ገባች።

ቤሩት ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ቀጥሎ ዶራ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ በሰዓት ጽዳት። የዚያን አገር መንግሥት ያወቅኩት በመብራት ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ 1990 አበቃ። 24 ሰዓት መብራት ግን ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሂሳብ ይከፍላል፤ አንዱን ለመንግሥት፣ አንዱን ለሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት። ሁለተኛውን ኢሽቲራክ ይሉታል። 5 አምፔር ከተመዘገብሽ ፍሪጁንና አምፖሉን ይችላል። ካውያ ከሰካሽ ግን ቆጣሪው ጧ ብሎ ይዘጋል። ማዳም ልብስ የምታስተኩሰኝ የመንግሥት መብራት ሲመጣ ነበር። የሚመጣው ሌሊት ከሆነ፣ ሌሊት ተነሺ ነው። ፕሮግራሙን በቃሌ ይዤው ነበር።

ለምን አይጠግኑትም? የመንግሥት መብራት ታሪፍ ከ1994 እስከ 2022 መጨረሻ አልተነካም። ኪሳራውን መንግሥት በዶላር ይሸፍን ነበር፣ በዓመት ከቢሊዮን በላይ። አዲስ ማመንጫ ይሠራ ሲባል፣ በየትኛው ወገን ሰፈር ይሁን በሚለው ጭቅጭቅ ሚኒስትሩ ይቀየራል። ሥልጣኑ በሃይማኖት የተከፋፈለ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ማሮናይት ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ ሙስሊም፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ሙስሊም ነው። አፈ ጉባኤው ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ያው አንድ ሰው ነው። ሁሉም ድርሻ አለው፣ ስለዚህ የሚጠየቅ የለም። የጄኔሬተሩ ሰውዬም ከጀርባው ሰው አለው። መብራቱ ቢመጣ የሚከስረው እሱ ነዋ።

ባንኩም እንደዚያው። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ገደማ ነበር፣ ንቅንቅ የለም። ወለዱ ደግሞ አፍ ያስከፍት ነበር። ሚስተር፣ የማዳም ባል፣ የጡረታ ገንዘቡን አስገብቶ በወለዱ ይኖር ነበር። ወለዱ የሚከፈለው ግን ውጭ ያሉት ሊባኖሶች በሚልኩት አዲስ ዶላር ነበር። የዓለም ባንክ ራሱ በኋላ ከፖንዚ ጋር ነው ያመሳሰለው፤ የቀደመውን ሰው በአዲስ ገቢ ሰው ገንዘብ ከሚከፍለው ማጭበርበር ጋር ማለት ነው። መላኩ ሲቀዘቅዝ ጉዱ ፈላ። ኦክቶበር 17፣ 2019 በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ግብር እንጥላለን አሉ፣ ሕዝቡ መንገድ ወጣ። በሰዓታት ውስጥ ግብሩን ሰረዙት፣ ግን ማን ይስማቸው። ባንኮች ሁለት ሳምንት ገደማ ተዘጉ። ሲከፈቱ ዶላር የለም ሆነ። ልብ በሉ፣ የከለከለ ሕግ አልወጣም፤ ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት። ሰው ያለው ገንዘቡን ውጭ አገር አሸሸ። ሚስተር ሰው አልነበረውም። ባንክ ውስጥ የታሰረውን ሎላር፣ በእጅ ያለውን ፍሬሽ ይሉት ጀመር። የሱ ሎላር በ3,900 ሊራ ሂሳብ ብቻ ይወጣ ነበር፣ ውጭ ግን ዶላሩ እጥፍ ድርብ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዶላር 90,000 ሊራ አካባቢ ደረሰ። ሴፕቴምበር 2022 አንዲት ሴት በመጫወቻ ሽጉጥ ባንክ ገብታ የራሷን ገንዘብ ተቀብላ ወጣች። ለታመመች እህቷ ማሳከሚያ ነው። ሕዝቡ እንደ ጀግና ነው ያያት።

እኛስ? የሠራተኛ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም ነው፣ ከፋላ ማለት ይሄ ነው። ዶላር ሲጠፋ ደመወዛችን ጠፋ። ጁን 2020 ስንቱ አሠሪ ሠራተኞቹን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አራግፎ ሄደ። ፖሊስ ምን ያድርግ? ኃላፊነቱን ድሮውኑ ለማዳም አስረክቧላ። የኔ መልስ እሱ ነው፤ መንግሥት ሥራውን አከፋፍሎ ጨርሷል። መብራቱን ለጄኔሬተሩ ሰውዬ፣ ገንዘቡን ለባንኮች፣ እኛን ለማዳም።

ካይሮ የከረመ፦
እህቴ ጥሩ አስረዳሽ። ግን ግብፅን ከሊባኖስ ጋር አንድ አታድርጉ። እዚያ መንግሥት ምንም አይለቅም። ሠራዊቱ ከሲሚንቶ እስከ ፓስታ ያመርታል። የግል ነጋዴ ከሱ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

ዳቦውን ብቻ ልንገራችሁ። ዓይሽ ባላዲ ይሉታል፣ ጠፍጣፋው። በድጎማ አንዱ 5 ቂርሽ (ቂርሽ የፓውንድ መቶኛ ነው) ነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ። ጃንዋሪ 1977 ፕሬዚዳንት ሳዳት ድጎማ ሲነካ አገር ተቃጠለ፣ በሁለት ቀን ውሳኔውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን መንካት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ታዲያ ክብደቱን ቀነሱት፣ 2020 ላይ ከ110 ግራም ወደ 90። ሰው ዳቦውን በእጁ እየመዘነ ሲስቅ አይቻለሁ። ዋጋውን የነኩት ጁን 2024 ነው፣ 20 ቂርሽ አደረጉት። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ዶላር በአንድ ቀን ከ31 ፓውንድ ወደ 50 ገደማ ዘሎ ነበር። ገንዘቡ ግን በረሃ ላይ አዲስ ዋና ከተማ ይሠራበታል። ማን አጸደቀው ብለህ የምትጠይቅበት ቦታ የለም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ የጠየቅኩት ይሄንን ነበር። ታዲያ ሕዝብ ሲነሣስ አይቀየርም? ቱኒዚያ ቀይራ የለ?

ካይሮ የከረመ፦
ሰውዬውን ቀየረች። የመንገድ ላይ ነጋዴው ቡአዚዚ ሲዲ ቡዚድ ከተማ ላይ ራሱን ያቃጠለው ሚዛኑንና አትክልቱን ስለወሰዱበት ነው፣ ዲሴምበር 2010። ፕሬዚዳንቱ ቤን አሊ በአንድ ወር ውስጥ ሸሸ። የዓለም ባንክ በኋላ ሲያጠና፣ ከቤተሰቡ ጋር የተያያዙ 220 ኩባንያዎች ከግሉ ዘርፍ ትርፍ አንድ አምስተኛውን ይወስዱ ነበር። ቤተሰቡ ሄደ፣ ለነሱ ተብለው የተበጁት የፈቃድ ደንቦች ግን አብዛኞቹ ቀሩ። ምርጫ መጣ፣ ሥራ አልመጣም። ጁላይ 25፣ 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ፓርላማውን ሲያግድ ብዙ ሰው መንገድ ወጥቶ ጨፈረ። ዲሞክራሲ ጠልቶ አይመስለኝም። ሰልችቶት ነው።

ቁጥር ወዳዱ፦
እሺ፣ ነዳጅ ብቻ አይደለም። የዶራዋ፣ ጄኔሬተሩ ሰውዬ አሁን እንዴት ነው?

የዶራዋ፦
አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል። ግን ገበያው ቀንሷል። ኦክቶበር 2021 ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሩ በሙሉ ከጨለመ ወዲህ፣ አቅም ያለው ሁሉ ጣሪያው ላይ ሶላር ተከለ። የድሮ ማዳሜም ተክላለች፣ ቀን ቀን ትተኩሳለች አሉ። አሁን ጠቡ ጣሪያው የማን ነው በሚለው ላይ ነው። የስምንት ፎቅ ነዋሪ አንድ ጣሪያ ሲካፈል አስቡት።