ደመወዝ ወሩን አይደርስም፣ ዕቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?

ማርቆስ ሰፈር፦
ሰላም ወገን፣ እስኪ ሐሳብ አዋጡ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ እኔም ባለቤቴም የመንግስት ሰራተኛ ነን፣ ሁለት ልጆች አሉን። የሁለታችን ተደምሮ እጃችን የሚገባው 17 ሺህ አካባቢ ነው። 5 ሺው ለቤት ኪራይ፣ የቀረው አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ባጃጅ ምናምን እያለ ወሩ 20 ሲሞላ ኪስ ባዶ። ከዛ ወዲያ እስከ ደመወዝ ከሱቅ በዱቤ ነው። ጤፍ በየወሩ 30 ኪሎ እየገዛን ነው የምንበላው። በዛ ላይ ሰኔ ላይ ቢቸና ላሉት አባቴ የማዳበሪያ እልካለሁ፣ ጥርና ሚያዝያ ደግሞ ሰርግ ነው፣ እሱን ታውቁታላችሁ። አሁን መስሪያ ቤት የ10 ሰው ዕቁብ ሊጀመር ነው፣ በወር 2 ሺህ። ባለቤቴ ባንክ ይሻላል ትላለች። ምን ትላላችሁ?

የቡሬ ልጅ፦
ወንድሜ ዕቁብም ባንክም ከማለትህ በፊት ጤፍህን አስተካክል። በየወሩ 30 ኪሎ የሚገዛ ሰው ጤፍን በክረምት ዋጋ ነው የሚበላው። ገበሬው ወቅቶ ገበያ የሚያወጣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ነው፣ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ሰርግ አለበት፣ ስለዚህ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ነጋዴው ብቻ ነው የያዘው። የዓመቱን ባትችል እንኳን እስከ መስከረም የሚያደርስህን በጥር ግዛ። ዕቁቡንም ለዚህ ተጠቀምበት፣ ሳይጀመር ዳኛውን አናግርና የጥርን ዕጣ ለኔ ስጡኝ በል፣ በመስሪያ ቤት ዕቁብ ተራ ተነጋግሮ መያዝ የተለመደ ነው፣ እንቢ ካሉ ደግሞ ጥር ላይ ከደረሰው ሰው ጋር ተቀያየር። 20 ሺህ ዓመቱን አይሸፍንልህም ግን ክረምቱን ያሻግርሃል።

ስትገዛ ደግሞ በጠዋት ውጣ፣ ደላላ ሳይረከበው። ከላይ ያለውን አይተህ አትመን፣ እጅህን እስከ ክንድህ ከተህ ከጆንያው ስር ዝገን፣ መዳፍህ ላይ አገላብጠህ እፍ በለው፣ መዳፍህ ላይ አቧራ ከቀረ ወይ ሲታኘክ አሸዋ ከቆረጠመህ ሌላ ጆንያ እይ። ሚዛን ላይም ቆመህ አስመዝን።

ጊዮን ዳር፦
ባንክ ነው የምሰራው፣ ባሕር ዳር። ባለቤትህም ልክ ናት አንተም ልክ ነህ፣ ግን ለተለያየ ነገር። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 10 ሺህ ብር ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ 700 ብር ይወልዳል፣ ከዛም ላይ የወለድ ግብር ይቆረጣል። ኑሮው በዓመት ከዛ በላይ ስለሚጨምር ለትርፍ ብለህ ባንክ አታስቀምጥ። የሚቀመጠው ልጅ ሲታመም ከጎረቤት እንዳትበደር ነው። ዕቁብ ተራህ ካልደረሰ በሌሊት ሆስፒታል አያደርስህም። ደግሞ የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደው ሰው ያለ ወለድ ሲያበድር ነው የከረመው፣ ብሩም ረክሶ ነው የሚደርሰው። ዋስ የሌለበት ዕቁብ ከሆነ ደግሞ ባትገባ ይሻልሃል፣ ቀድሞ በልቶ የሚቀየር ወይ የሚለቅ ሰራተኛ አይጠፋም።

የምታደርገውን ልንገርህ። ጡረታ 7 በመቶ ከደመወዝህ ሳታየው ነው የሚቆረጠው አይደል፣ አንድ ቀንም አልከፍልም ብለህ አታውቅም። ቁጠባውንም እንደዛ አድርገው፣ ቅርንጫፍህ ሄደህ ደመወዝ በገባ በማግስቱ 500 ብር ወደ ሌላ ደብተር የሚያዛውር ቋሚ ትዕዛዝ ሙላ። ካርድ አታውጣበት፣ ሞባይል ባንኪንግም አታስገናኘው።

እማ ዘውድ፦
ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ ጓዳውን ማንም አላነሳውም ሃሃ። ልጄ፣ መጀመሪያ ዱቤውን ተወው። 2 ሺው ከየት ይመጣል ብለህ ካሰብክ እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ ባለሱቁ ዘይቱንም ሳሙናውንም ለዱቤኛ ጨምሮ ነው የሚጽፈው፣ አንተም ገንዘብ ስላላወጣህ ያልተፈለገውንም ታነሳለህ። አንድ ወር ጨክናችሁ ዝጉት።

ጤፉን ከዳጉሳ ወይ ከበቆሎ ጋር አስፈጩት፣ ጎጃም ተወልዶ የዳጉሳ እንጀራ አልበላም የሚል ልጅ ካለ ላኩልኝ። ሽንኩርትና ድንች የቆጋ መስኖ ምርት ከመራዊ በብዛት ሲወጣ ይረክሳል፣ ድንቹን ያኔ ያዙ፣ ሽንኩርቱ ግን እርጥብ ከሆነ አይከርምም። በርበሬውን ዛላውን ገዝታችሁ እቤት አዘጋጁ። ከሰል ደግሞ ከፋግታ የሚመጣውም ተወዷል፣ መብራት ካለ ወጡን በምድጃ ጨርሱ፣ ከሰሉ ለቡና ይበቃል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብራችሁን በሙሉ ስልክ ላይ አታድርጉ። በ2015 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲዘጋብን ጥሬ ብር የያዘ ሰው ነው የተነፈሰ፣ የሳምንት አስቤዛ የሚሆን እቤት ይኑራችሁ።

የቡሬ ልጅ፦
እማ ዘውድ ትክክል ናቸው። እኔ ደግሞ የአባትህን ነገር ላንሳ። በሰኔ የማዳበሪያ እየላክህ በጥር ከነጋዴ ጤፍ ትገዛለህ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም። ለአባትህ ንገራቸው፣ በላክሁት ልክ ጤፍ ይላኩልኝ በላቸው። ደላላም የለበት፣ አሸዋም የለበት።

ጮቄ ስር፦
ኧረ በእመብርሃን! ከአባት ጋር ሒሳብ ትተሳሰብ? አሳድገው አስተምረው፣ ማዳበሪያ ልኬ ነበር ጤፌስ ይባላሉ? እኔ በበኩሌ አልደፍረውም። በዛ ላይ ዘንድሮ ዝናቡ ቢከዳቸው ወይ መንገድ ቢዘጋ ጤፉ አይመጣም፣ ያኔ ብርህም ጤፍህም የለም። የቤተሰብ ብር እንደወጣ ቁጠረው፣ ሰኔ ላይ እንዳይደነግጥህ ከመስከረም ጀምረህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጥለት። የሰርጉንም እንደዛው። የሰርግ ብር ደግሞ ልክ አውጣለት፣ ለቅርብ ዘመድ ይህን ያህል፣ ለስራ ባልደረባ ይህን ያህል ብለህ ከሚስትህ ጋር ተስማማ፣ ጥሪው ሲመጣ አትከራከሩም።

ማርቆስ ሰፈር፦
ተባረኩ፣ ባለቤቴም አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። አባቴን በቀጥታ አልጠይቅም፣ እናቴ በኩል ግን ሳይሸጡት ንገሩኝ በገበያው ዋጋ እኔ ልግዛችሁ ብል አይከፋቸውም፣ ለነሱም ደላላ ይቀርላቸዋል። ዕቁቡን ዋስ ካለ የጥርን ተራ ጠይቄ እገባለሁ፣ 500ውን ደግሞ ባለቤቴ በስሟ ትክፈተው ብለናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የኪራይ ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ የት አስቀምጣለሁ? አይነቅዝም?

እማ ዘውድ፦
ጤፍ ነቀዝ አይበላውም ልጄ፣ ፍሬው ደቃቅ ነው። የሚያበላሸው እርጥበት ነው። በደንብ የደረቀ ግዛ፣ ሲሚንቶው ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ጣውላ ወይ ድንጋይ ደልድለህ ከግድግዳው ትንሽ አርቀው። ለመቀላቀያ በቆሎ ከገዛችሁ ግን እሱ ይነቅዛል፣ ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አትያዙ። ቦታ ከጠበባችሁ አልጋ ስር ግቡበት፣ እኔ ቤት ዓመቱን ሙሉ እዛ ነው ያለው።