ባሌ ልንወጣ ነው፤ ለገና ካርድ የሚሆን ምን ይዤ ልመለስ?

አደይ_ወረቀት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካርድ በእጄ ነው የምሠራው። ለልደትም ለሠርግም ለእንቁጣጣሽም፤ ገዝቼ ሰጥቼ አላውቅም። ልጅ ሆነን ወንድሞቼ እንቁጣጣሽ ጠዋት አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ሲያዞሩ ቀለሙን የምቀባላቸው እኔ ነበርኩ፣ ከዚያ ጀምሮ አልተወኝም። አሁን ኅዳር መጨረሻ ላይ ከእህቴና ከባሏ ጋር በመኪና ባሌ ልንወጣ ነው። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርገን ዲንሾ እናድራለን። በማግስቱ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ፣ ከተቻለ ሐረና ጫካ ድረስ። የዘንድሮን የገና ካርድ በሙሉ ከዚህ ጉዞ ማውጣት እፈልጋለሁ። 14 ካርድ ነው።

በመስከረም የለቀምኩትን አደይ አበባ መጽሐፍ ውስጥ አድርጌ ሳደርቀው ግማሹ ጠቆረብኝ፣ የቀረውም ገጹ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እዚያ የማገኘውንም እንዳላበላሽ ፈራሁ። ደግሞ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ መሥራት ይሻላል ወይስ ሰብስቦ ቤት መጥቶ? እህቴ «አንቺ ወረቀት ላይ እንዳቀረቀርሽ አገሩ ያልፍሻል» ትለኛለች። የት የት እንቁም? የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

የጎባ_ልጅ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ምንም እንዳትቀጥፊ። አበባም ቅጠልም። ክልክል ነው፣ ደግሞ በዚያ ብርድ የሚበቅል ነገር ቶሎ አይተካም። ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ታይዋለሽ፤ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆይና አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ሲያብብ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እሱን ሥለሽ ውሰጂ። ካርድ ላይ ብቻውን ቢቆም ይበቃዋል።

የፓርኩን ክፍያ ዲንሾ ጽሕፈት ቤቱ ትከፍላላችሁ። እዚያው አካባቢ በጠዋት ደጋ አጋዘን ታገኛላችሁ፣ ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም። በማግስቱ ግን ከጎባ ማልዳችሁ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ሊወርድ ይችላል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። ፍልፈል ጉድጓድ ፊት ጆሮውን አቁሞ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል፣ ያን ጊዜ ሞተር አጥፉና ከመኪና ሳትወርዱ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ነው ያለው። ስለዚህ ሹፌራችሁን ቀስ በል በሉልኝ። በአጋጣሚ እንኳ አንዱን በመኪና መግጨት ትልቅ ጉዳት ነው።

የሳነቴ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ራስ ምታት ሊይዛችሁ ይችላል፣ ውሃ ጠጡ፣ አትሩጡ። ከዚያ ወደ ሐረና ስትወርዱ አገሩ ባንዴ ይለወጣል። ዛፉ ሁሉ ሽበት ያበቀለ ይመስላል፣ ከቅርንጫፉ ሽበቱ ተንዠርግጎ ታያላችሁ። ዝቅ ሲባል የጫካ ቡና አለ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ አለ። እዚህ ጋ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

መቀስና_ኮላ፦

የጠቆረብሽ በእርጥበት ነው። መጽሐፍ በተለይ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ያለው ከሆነ ውሃ አይመጥም። ጋዜጣ ተጠቀሚ፣ በላዩ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ከርሞ ስትለቅሚም ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። አደይ መሐሉ ወፍራም ስለሆነ እሱ እስኪደርቅ ቅጠሎቹ ይበላሻሉ። ቅጠሎቹን ነጥለሽ አድርቂ፣ ካርዱ ላይ በመርፌ ጫፍ ኮላ እያስነካሽ መልሰሽ ግጠሚያቸው።

አሁን ለኅዳር ግን እኔ ብሆን አበባ አልፈልግም። ከአሰላ እስከ ዶዶላ የምታልፉት የገብስና የስንዴ አገር ነው፣ የአጨዳው ወቅት ነው። አንዱን ገበሬ አስፈቅደሽ አንድ እፍኝ አገዳ ውሰጂ። ቤት ስትመለሺ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሪው። በጥፍርሽ ወይም በቢላ ጫፍ ቁመቱን ተከትለሽ ሰንጥቂና ክፈቺው፣ ውስጡን ወደ ላይ አድርገሽ በሞቀ ካውያ ተኩሺው። ልሙጥ ጥብጣብ ይሆናል። ውጪው ወርቅ የመሰለ ነው! ያለ ምንም ቀለም። ወረቀት ላይ በኮላ ለጥፈሽ ኮከብ ቁረጪበት። የኮከቡን አንዱን ክንፍ አገዳው በቁመት፣ ሌላውን በአግድም እንዲተኛ ካደረግሽው ካርዱን ባዘነበልሽ ቁጥር ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አያቴ በስንደዶና በአክርማ ስትሰፋ ነው መጀመሪያ ያየሁት፣ አገዳ ስነካ ሁሌ እሷ ናት የምትታወሰኝ።

ወረቀቱ ሃርድ ፔፐር ይሁን፣ ከ200 ግራም ያላነሰ። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ በቀስታ ለጠጥ አድርገሽ ሞክሪው፣ በቀላሉ በሚተጣጠፍበት በኩል እጠፊ። ከማጠፍሽ በፊት ማስመሪያ አስደግፈሽ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር ካላሰመርሽበት እጥፋቱ ይፈነዳል።

አደይ_ወረቀት፦

ተባረኩ! አገዳውን በፍጹም አላሰብኩትም። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ወደ ውጭ የሚላኩ ናቸው፣ እነሱንስ በአገዳ ብሠራቸው ችግር አለው?

መንገደኛ፦

የውጪዎቹን በቀለም ሥሪያቸው። አንዳንድ አገር ጉምሩክ የደረቀ ተክል አያስገባም፣ ያን ሁሉ ደክመሽ ተይዞ ቢቀር ያሳዝናል። ኤ4ን ለሁለት ቆርጠሽ እጠፊው፣ ትንሹ ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል።

እኔም በየጉዞዬ እሥላለሁ። እህትሽ የምትለው እውነት ነው፣ መንገድ ላይ ካርድ አትሥሪ። በቆማችሁበት ሁሉ አምስት ደቂቃ ብቻ በእርሳስ ንድፍ፣ ከጎኑ የቀለሙን ናሙና ጠብ አድርጊ፣ የቦታውን ስምና ሰዓቱን ጻፊ። ፎቶ የሳነቴን ቀለም አይይዝልሽም። እኔ ሜዳው ቡናማ ነው ብዬ ሄጄ ብርማ አመድ ሆኖ አገኘሁት፣ ቀበሮው ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚያ ነው። ውሃ ቀለም ግን እዚያ ብርድ ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ደብተሩን ሳይደርቅ እንዳትዘጊው።

አደይ_ወረቀት፦

በቃ፣ ጅብራው ለሦስቱ፣ የአገዳ ኮከብ ለአሥራ አንዱ። ዛሬ ጋዜጣና እርሳስ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ስመለስ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።