ከ1920ዎቹ ዓ.ም. የቀረ መጽሐፍ፦ ያለበትን ሁኔታ እንዴት ልመርምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በውርስ የደረሰኝ፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የታተመ ባለ ካርቶን ሽፋን መጽሐፍ አለኝ። ጀርባው ቆዳ ነው። ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የፊት ሽፋኑ ከጀርባው ሊላቀቅ ይደርሳል፤ የወረቀቱም ጠርዝ ቡናማ ሆኗል። ለገዢ ከማቅረቤ በፊት ሁኔታውን በሐቅ ለመግለጽ ምኑን ልመልከት? የላላውንስ በስኮች ባያይዘው ምን ይላችኋል?

ጠራዥ፦ ስኮቹን ይተዉት። ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ቢጫ እድፍ ይተዋል፤ እሱን ማስለቀቅ ሽፋኑን ከመጠገን ይብሳል። ለጊዜው ሰፋ ባለ የጥጥ ጥብጣብ ላላ አድርገው ይሰሩት።

ምርመራውን ከስፌቱ ይጀምሩ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ከሁለቱም ሽፋኖች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገው፣ ሳያስገድዱ መካከሉን ይክፈቱ። ክሩ በየጥራዙ (አብረው ታጥፈው በተሰፉ ቅጠሎች) እጥፋት ውስጥ እንደጠበቀ ከሆነ የላላው ሽፋኑ ብቻ ስለሆነ ይጠገናል፤ ተበጥሶ ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ከገፉ ግን ዋጋው በብዙ ይወርዳል። ቆዳውን በነጭ ጨርቅ ነካ ያድርጉት፤ ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ቆዳው ራሱ እየፈረሰ ነውና ቅባት አይቀቡት። የጠርዙ ቡናማነት ከእንጨት በተሠራ ወረቀት ውስጥ ያለው አሲድ የሚያመጣው ነው። ጥንካሬውን ለመፈተን የገጹን ጥግ የሚያጥፉ ሰዎች አሉ፤ ፈተናው ራሱ ጥጉን ይሰብራል።

ከስድስት ኪሎ፦ በእኔ አስተያየት ከመልኩ ይልቅ ሙሉነቱ ይቀድማል። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ በተለይ በአሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚገባው የስሕተት ማረሚያ ቅጠል በቀላሉ ተገንጥሎ ይጠፋል። በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ከተገኘ ከእርስዎ ጋር ማስተያየት ነው። የቀድሞ ባለቤቶች ፊርማና ማኅተም ካለም ለገዢው ይንገሩት እንጂ አይፋቁት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በኋላው ሽፋን ውስጥ ግራጫ ብናኝ አየሁ።

ጠራዥ፦ ደርቆ የሚበንን ከሆነ እድገቱ የቆመ ሻጋታ ሊሆን ይችላል፤ ሲነካ እንደ ቅባት የሚያድፍ ከሆነ ግን ገና እያደገ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከሌሎቹ መጻሕፍት ለይተው ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ ያኑሩት፤ ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት። ሲደርቅ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።