ክርክር፦ የዩክሬንን ጦርነት የጠራው ኔቶ ነው?

አስተናጋጁ (ደሴ)፦ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ሻይ ላይ ያጋጨንን ጥያቄ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆን ሚርሻይመር በ2014 የዩክሬን ቀውስ በዋናነት የምዕራባውያን ጥፋት ነው ብለው ጻፉ። ከ2022ቱ ወረራ በኋላም አቋማቸውን አልለወጡም። ትክክል ናቸው? ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ስድብ ይሰረዛል።

መምህሩ (ሆጤ)፦ ትክክል ናቸው። የምዕራባውያን የጦር ቃል ኪዳን ኔቶ በ2008 ቡካሬስት ላይ ዩክሬንና ጆርጂያ ወደፊት አባል ይሆናሉ ብሎ አወጀ፤ ጀርመንና ፈረንሳይ ስላልተስማሙ ግን መግቢያውን በር አልከፈተላቸውም። ከዚህ የባሰ ውሳኔ አላውቅም። ሩሲያን አስቆጣ፣ ለዩክሬን ጋሻ አልሆነ። ሶቪየትን የመግታት ፖሊሲ ጠንሳሹ ጆርጅ ኬናን እንኳ በ1997 የኔቶን መስፋፋት ከባድ ስህተት ብለውት ነበር። ኬናንን የሞስኮ ወዳጅ የሚል ካለ ይምጣ።

የኮምቦልቻዋ ነጋዴ፦ መምህር፣ በአክብሮት ነው የምለው፤ ከምክንያት ወደ መብት ዘለሉ። ሩሲያ ተቆጣች ማለት ኪየቭን ልትከብብ ይገባት ነበር ማለት አይደለም። ፑቲን በሐምሌ 2021 ባወጡት ረጅም ጽሑፍ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው አሉ። ወረራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ የዛሬዋን ዩክሬን የፈጠራት የሌኒን ሩሲያ ናት አሉ። የሚሳኤል ስጋት ያለበት ሰው እንዲህ ይናገራል? በዚያው ዕለት የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በጸጥታው ምክር ቤት የተናገሩትን ያስታውሱ። አፍሪካ ያልመረጠችውን ድንበር ተቀብላ የኖረችው ያለዚያ ጦርነቱ ስለማያልቅ ነው።

ተማሪው (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦ ሁላችሁም ሚርሻይመርን ከ2014 ነው የምትጀምሩት። በ1993 ዩክሬን የኑክሌር መሣሪያዋን እንዳታስረክብ የመከሩት እኮ እርሳቸው ናቸው፤ ያለዚያ ሩሲያን መመከት አትችልም ብለው። አልተሰሙም። በ1994 ቡዳፔስት ላይ ሩሲያ፣ አሜሪካና ብሪታኒያ ድንበሯን እናከብራለን ብለው ፈረሙላት፤ መሣሪያው ሄደ፣ ፊርማው ቀረ። በ1993 ኔቶ ገና አንድም የቀድሞ የሶቪየት ጎራ አገር አልጨመረም ነበር፤ ከተዋሃደችው ጀርመን ምሥራቃዊ ክፍል በቀር። ታዲያ ሚርሻይመር ያኔ የፈሩት ምንን ነው?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ይህ የእኔኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ኃያል አገር ከጎረቤቱ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ያንን እያወቁ መነካካት ነው ጥፋቱ። አሜሪካስ በ1962 ኩባ ውስጥ የሶቪየት ሚሳኤል ስታይ ዝም አለች? ብንወድም ባንወድም ዓለም እንዲህ ናት።

ጡረተኛው (ቧንቧ ውሃ)፦ «ዓለም እንዲህ ናት» የሚባለውን ከደሴ ሰው መስማት ይከብደኛል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ። ሁለት ቀን እንኳ ሳይቆይ የብሪታኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ ቆርሶ የሚሰጥ ዕቅድ ተስማሙ። ሙሶሊኒ ወደ ሂትለር እንዳይሄድባቸው ነው። ያም የኃይል ሚዛን ስሌት ነበር፤ የተማሩ ሰዎች ያሰሉት። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሆር ከሥልጣን ወረዱ፤ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን ነዳጅን ሳይነካ ቀረ፣ አዲስ አበባም ተያዘች። ሙሶሊኒም የሄደው ወደ ሂትለር ነው። መምህር፣ ያኔ ቢጠየቁ መሬቱ ይሰጥ ይሉ ነበር?

መምህሩ፦ ጋሼ፣ አልልም። ነገር ግን ንጽጽሩ አይገጥምም፤ እኛ በሮም ደጃፍ የጦር ቃል ኪዳን ልንገባ አልነበረም። ደግሞም ያንን ወረራ ያልተቀበሉት ጥቂት አገሮች ውስጥ ሶቪየት ኅብረት ነበረች።

ጡረተኛው፦ ነበረች። ያን ጊዜ የያዘችው አቋም ነው ዛሬ ለዩክሬን የምለምነው።

ተማሪው፦ መምህር፣ ፊንላንድስ? ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ትዋሰናለች፤ በ2023 ኔቶ ስትገባ ሞስኮ ዛተች እንጂ አልዘመተችባትም።

መምህሩ፦ የሩሲያ ጦር ዩክሬን ውስጥ ተጠምዷል። ፊንላንድ ደግሞ ሴቫስቶፖል የላትም፤ የሩሲያ የጥቁር ባሕር የጦር መርከቦች መናኸሪያ ይህች የክራይሚያ ወደብ ናት።

የኮምቦልቻዋ ነጋዴ፦ እንግዲያው ጉዳዩ ክራይሚያ ነው ማለትዎ ነዋ። ክራይሚያን በ2014 ወስደዋታል። በ2022 ኪየቭ ድረስ ምን አመጣቸው?